«ነገ አሳምሬ» እና «ዛሬ እንደ ነገሩ» ይታረቁ



«ዛሬ ነገ ማለት የሰነፍ ጠባይ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። በትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይም ሆነ በቤታችን እሳት ዳር ምክሩ ያው አንድ ነበር፤ «ሰነፍ አትሁኑ»። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ ከሆነ ታማሚው አይድንም። እኛ ከገረሴና ከአካባቢዋ መጥተን በዚህ ተቋም በመሠልጠን ላይ የምንገኝ ዕጩ መምህራን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ከመካከላችን ሥራውን የሚያሳድር ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑን ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ከማናችንም ይልቅ ለሥራው የሚጨነቅ፣ ከማናችንም ይልቅ ጥራት የሚወድ ነው። ሥራውም የሚያድርበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ዕጩ መምህር በአሳብ እናቁም። ለማስተማር ልምምድ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል እንበል። የደረሰው ርእስ የአካባቢያችን ሐይቆች ነው፤ አባያና ጫሞ። መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ሰፊ ወረቀት ይገዛል፤ ጠርዙን በማስመሪያ ያሰምራል። በሁለተኛው ቀን አባያን በእርሳስ ይነድፋል፤ የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ትንሽ ይጣመምበታል፤ ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል። በሦስተኛው ቀን «ጥሩ ማርከር ሳይኖር እንዴት ይሠራል?» ብሎ ማርከር ፍለጋ ይወጣል። በአራተኛው ቀን የመኝታ ክፍሉን ይጠርጋል፤ የጓደኛውን ሸሚዝ ይተኩሳል፤ ለሌላው ሰው የትምህርት ዕቅድ ያርማል። ልብ በሉ! ሰውዬው አንድም ቀን ቁጭ አላለም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ የጓደኛውን ሸሚዝ ባልተኮሰ ነበር። የሁሉን ሥራ እየሠራ የራሱን ብቻ ይሸሻል። ቀኑ ሲደርስም ባዶ እጁን ክፍል ይገባና «ልጆች፣ ሐይቆቹን እንዲያው በአሳባችሁ ሣሏቸው» ይላል። ፊቱ የተቀመጡት ደግሞ ከደጋው ወርደው ሐይቅ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው።

አሁን እንጠይቅ። እነዚያ ልጆች ምን ነበር የሚያስፈልጋቸው? ሁለት ክብ ነገር። አንዱን ቀላ አድርጎ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀብቶ፣ በመካከላቸው ያለችውን ቀጭን ከፍታ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ ቢጽፍባት ልጆቹ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይማሩ ነበር፤ የአባያ ውኃ ቀይ ቡናማ መሆኑን፣ የጫሞ ደግሞ ከእርሱ መለየቱን፣ ሁለቱ ጎረቤት ሐይቆች በአንዲት ከፍታ መለያየታቸውን። የሰሜኑ ጫፍ መጣመሙን የሚያውቅበት ማን ነው? ማንም። የተጣመመ ሐይቅ ከሌለ ሐይቅ ይሻላል። ይህንን ግን ያ ዕጩ መምህር ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ታዲያ ምን ያዘው?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን መርምረውታል። ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት የተባሉ በካናዳ የሚኖሩ ምሁራን በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንከን የሌለው ነገር መሻት አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን አሳይተዋል። አንደኛው ሰው ራሱ በራሱ ላይ የሚጭነው ነው። ሁለተኛው በሌሎች ላይ የሚጭነው ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሰዎች ከእኔ የሚጠብቁት እንከን የሌለውን ብቻ ነው» ብሎ የሚያምነው ነው። ፒርስ ስቲል የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ዛሬ ነገ ማለት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት አሰባስቦ ሲመዝናቸው ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ጥራት መውደድ ብቻውን ሰውን ሥራ አያሳድርም። ሥራ ከሚያሳድሩት ነገሮች መካከል ጎልተው የታዩት የሥራው አስጠሊታነት፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ማነስና ለቅርብ ደስታ መቸኮል ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል፣ ሰው ሥራውን የሚያሳድረው ከሥራው ጋር የተያያዘውን መጥፎ ስሜት ለጊዜውም ቢሆን ለመሸሽ መሆኑን አስረድተዋል። ሸሚዝ መተኮሱ ለምን እንደሚጥም አያችሁ? ሸሚዝ ተተኩሶ ያልቃል፤ ማንም ማርክ አይሰጥበትም፤ ማንም አይስቅበትም።

እንግዲህ ከሦስቱ ዓይነቶች አደገኛው የትኛው እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። የሰውን ዓይን የሚፈራው ሦስተኛው ነው። ለዚህ ነገር ከውጭ አገር ስም መዋስ አያስፈልገንም። እኛ ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ ይሉኝታ ይባላል። «ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው ጥራት ወዳድ መስሎ፣ ጥሩ ካባ ለብሶ የሚመጣው። «አሳምሬ ልሥራው ብዬ እኮ ነው» ሲል የምንሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለው «ሳይቀልዱብኝ ልሥራው» ነው። ሁለቱ አረፍተ ነገሮች ሲሰሙ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አሳምሮ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ሥራው ላይ ነው፤ ይጀምራል፤ ያርማል፤ እንደገና ያርማል። እንዳይቀለድበት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ተመልካቹ ላይ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ከሁሉ የሚሻለው ሥራ ያልተጀመረው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ባልተጀመረ ሥራ ላይ ማንም እንከን ሊያወጣ አይችልም።

ይሉኝታ በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ሰው ለሰው ማፈሩ፣ ለጎረቤት ማሰቡ፣ ለታላቅ መነሣቱ የኑሯችን ምሰሶ ነው። ይሉኝታ የሌለው መምህርም ለልጆች አይበጅም። ጥያቄው ይሉኝታ የት ድረስ ይግባ የሚለው ነው። ቤታችን ሲመጣ ወንበር እንሰጠዋለን፤ እርሳሳችንን ግን ከእጃችን እንዲቀማን አንፈቅድለትም።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? ከማኅፀን ይዘነው አልወጣንም። ከምንጩ ብዙውን የቀዳነው ከመማሪያ ክፍል ነው። በጋሞ ደጋ የሚያድግ ልጅ ቤቱ በጋሞኛ ይናገራል፤ ትምህርት ቤት አማርኛ ይጨመርለታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። በሦስት ቋንቋ መካከል የሚመላለስ ልጅ ምላሱ መደናቀፉ ያለ ነው። አንድ ጊዜ «እሱ መጣች» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ከፈረሰ ግን ያ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ እጁን አያወጣም። መልሱን ያውቀዋል፤ አረፍተ ነገሩን በሆዱ እየደጋገመ ያሳምራል፤ አሳምሮ ሲጨርስ ጥያቄው አልፏል። ይኸው ልጅ አድጎ ሃያ ዓመት ሲሞላው ነው ወረቀቱን ቀዶ የሚጥለው ዕጩ መምህር የሚሆነው።

ፈተናውም የራሱን ጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በኩረጃ የተገኘ ውጤት ውጤት አይደለምና ፈተናው መጥበቁን አንነቅፍም። ሆኖም አንድ ትውልድ ከመቶው ከዘጠና ስድስት በላይ የሚሆነው «አላለፋችሁም» ሲባል አይቷል። ይህን ያየ ወጣት «ወይ ሙሉ፣ ወይ ምንም» የሚል ሕግ በልቡ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ስሕተት ነው። ከሙሉና ከምንም መካከል ሰፊ አገር አለ፤ ትምህርት የሚባለው ነገር በሙሉ የሚኖረውም በዚያ አገር ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መምህሮቻችን አንድ ተገቢ ተቃውሞ እንደሚያነሡ እናውቃለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ግማሽ የበሰለ ትምህርት ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ከዘገየው ይብሳል ሊሉን ይችላሉ። ለዚህም በአካባቢያችን መራራ ምሳሌ አለ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕዝቡ «ይህ ቋንቋችን አይደለም» አለ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ቀሩ። ታዲያ ይህ የችኮላ ጉዳት አይደለምን?

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ትምህርቱ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በረቂቅነት ዘመኑ ሕዝብ ያላወያየበት ሥራ፣ ታትሞ አልቆ ከመጣ በኋላ ማረሙ ከባድ ነው። እንከን የሚሻውም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሥራውን ደብቆ፣ ብቻውን አብስሎ፣ «እነሆ ተፈጸመ!» ብሎ ሊያወጣው ይመኛል። ቶሎ መጀመርና ቶሎ መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ የምንለው ቶሎ ተጀምሮ፣ ቶሎ ለሰው ታይቶ፣ ቀስ ብሎ ይፈጸም ነው። ቶሎ የጀመረ ሰው ለመታጠቅ ጊዜ አለው፤ ሲሮጥ የሚታጠቀውስ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት የጠበቀው ነው። ስለዚህ ተረቱ የሚወቅሰው እኛን ሳይሆን ዛሬ ነገ ባዩን ነው።

ረዥም ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሁሉ የዛሬ ነገ ሥራ አለመሆኑንም መለየት ይገባል። ለዚህ ከአገራችን ሊቃውንት የተሻለ ምስክር የለም። የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀመረ። መምህሩ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስተላለፉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ደከሙበት፤ ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ብለው አሳተሙት። እሳቸውም ቀጥለው የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለአንባቢ አበቁ። እስቲ አስቡት! ክፍለ ጊዮርጊስ «መፈጸሜን ሳላረጋግጥ አልጀምርም» ቢሉ ኖሮ፣ ኪዳነ ወልድ «ሳይሟላ ለሰው እጅ አልሰጥም» ብለው ወረቀታቸውን ቢያቃጥሉ ኖሮ፣ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያለው ያ ወፍራም መጽሐፍ ባልኖረ ነበር። ጥራት መውደዳቸው ማንም የሚጠራጠረው አይደለም። ነገር ግን ጥራታቸው የኖረው በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሊረከበው ቻለ። በአሳብ ብቻ ያለን ፍጹም ሥራ ማንም ሊረከበው አይችልም።

ከሊቃውንቱ ወደ ሸማኔው እንምጣ። የጋሞ ሸማኔ በዶርዜም ሆነ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሠራ አይታችሁት ይሆናል። ድሩ ይበጠሳል። መበጠሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ ይበጠሳል። ሸማኔው ምን ያደርጋል? ጫፍና ጫፉን ይይዝና ይቋጥራል፤ መወርወሪያውን ይወረውራል። «ድሬ ተበጥሷልና ጋቢው ይቅደድ» ያለ ሸማኔ አልሰማንም። ቋጠሮው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፤ ለባሹ የሚያውቀው ሙቀቱን ነው። እኛ በትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ቋጠሮ አይተን ጋቢውን ሁሉ መቅደዳችን ከማን የተማርነው ነው? ከአባቶቻችን እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ከጓሮ ያለው እንሰትም ያስተምረናል። እንሰት ለምግብ የሚበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ጠንቃቃ ቤተ ሰብ ሁሉንም በአንድ ዓመት ተክሎ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በየዓመቱ ይተክላል፤ በአንድ ጓሮ ውስጥ ገና ችግኝ የሆነው፣ መካከለኛው፣ ሊቆረጥ የደረሰውም አብረው ይቆማሉ። እንደዚሁ የአንድ ዕጩ መምህር ደብተርም ውስጥ የተጀመረ፣ የተጋመሰና የተፈጸመ ሥራ አብረው ቢቆሙ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ባዶ ጓሮ ነው።

ስለ አባቶቻችን ካነሣን አይቀር፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም በአርባ ምንጭ የሆነውን ማስታወስ ይገባናል። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ለመኑ። ወጣቱም ተመለሰ። አገር ሁሉ ይህን አይቶ ተደነቀ። ያን ዕለት ከአባቶች እጅ የነበረው ከመሬት የተነጨ ሣር ነው። «ነገ በደንብ ተዘጋጅተን እንውጣ» ቢሉ ኖሮ ነገ አይጠቅምም ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል ግን ያን ዕለት እንዲያው በድንገት የተነሡ አልነበሩም። በዱቡሻ፣ በሕዝብ አደባባይ፣ ስንትና ስንት ጊዜ ተቀምጠው ነገር ሰምተዋል፣ መርቀዋል፣ አስታርቀዋል። ብቃታቸው የመጣው ከመደጋገም ነው። በቀላሉ ቀን ያልተለማመደ በከባዱ ቀን አይቆምም። ይህ ለእኛ ለመምህርነት ዕጩዎች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ጥሩ መምህር የሚሆነው ጥሩ እስኪሆን የጠበቀው ሰው ሳይሆን መጥፎ ትምህርቱን አስተምሮ በማግሥቱ የተመለሰው ነው።

እንግዲህ ከአባቶች ተምረን እኛም በገዛ ልባችን ውስጥ ዱቡሻ እናስቀምጥ። ተጣዪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «ነገ አሳምሬ» ይባላል። ሁለተኛው «ዛሬ እንደ ነገሩ» ይባላል። አንደኛው ሌላውን «ሥራ አበላሽ» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ መልሶ «ወሬ ብቻ» ይለዋል። በእርቅ አንዱ ተባርሮ አንዱ አይቀርም። «ነገ አሳምሬ»ን ከልባችን እናባርረው ብንል አይሄድልንም፤ ቢሄድም ይጎዳናል፤ ምክንያቱም ጥራትን የሚወድልን እርሱ ነው። ስለዚህ የእርቁ ቃል እንዲህ ይሁን ብለን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቀድሞ የሚናገረው «ዛሬ እንደ ነገሩ» ይሁን። ሥራው በተሰጠበት ቀን፣ ሳይተኛ፣ ግማሽ ገጽ ይጻፍ። ፊደሉ ቢሳሳት፣ ጽሑፉ ቢያስቀይም፣ ባገኘነው ብጣሽ ወረቀት ላይ ይሁን። ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ነገር የሰጠው ስም ይገርማል። ገና ያልተጠናቀቀውን ጽሑፍ «ረቂቅ» እንለዋለን፤ እጅግ የጠለቀውንና የረቀቀውንም ነገር «ረቂቅ» እንለዋለን። ሁለቱ በአንድ ስም የሚጠሩት ያለ ነገር አይመስለንም።

ሁለተኛ፣ ረቂቁ አንድ ሰው ይየው። ጠቅላላው ክፍል አይደለም፤ አንድ ጓደኛ ብቻ። ይሉኝታ የሚፈራው ብዙ ዓይን ነው፤ በአንድ ጥንድ ዓይን ፊት ቀስ ብሎ ይለማመዳል። ጓደኛውም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከመሳቁ በፊት «የቱ ክፍል ገባኝ፣ የቱ አልገባኝም» የሚለውን ብቻ ይናገር።

ሦስተኛ፣ «ነገ አሳምሬ» ተራውን ያግኝ፤ ነገር ግን ወሰን ይሰጠው። ወሰኑን የሚወስነው ልጁ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ልጆቹ ከዚህ ሥራ ምን ማወቅ አለባቸው?» ብለን ሁለት መስመር እንጻፍ። ሁለቱ መስመር ሲሟሉ በቃ፣ ሥራው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ጌጥ ነው፤ ጊዜ ካለ ይጨመራል፤ ጊዜ ከሌለ ልጆቹ አይጎዱም።

አራተኛ፣ ቀን ሲያልፍ ራስን መስደብ ይቅር። ይህ ለአንዳንድ ሰው መለሳለስ ይመስለው ይሆናል። ግን በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ካሳደሩት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሁለተኛው ፈተና ሲዘጋጁ ማሳደራቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ምክንያቱ አይሰወርም። ራሱን የሚሰድብ ሰው ያንን ወረቀት ባየ ቁጥር ስድቡን ይሰማል፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ይሸሻል። ከራሱ ጋር የታረቀ ሰው ግን ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይታየዋል። ይቅርታ ለሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ለጥናትም ይሆናል።

ለመምህሮቻችን ደግሞ በአክብሮት አንዲት አሳብ እናቅርብ። የመጨረሻውን ሥራ ብቻ ተቀብሎ ማርክ መስጠት «ወይ ሙሉ፣ ወይ ምንም» የሚለውን ሕግ ያጠነክረዋል። ከተሰጠው ማርክ ጥቂቱ ለረቂቁ ቢመደብ፣ ረቂቁም ስሕተቱ ተለቅሞ ሳይሆን «ከዚህ ቀጥል» ተብሎ ቢመለስ፣ የመጨረሻዋ ሌሊት ጭንቀት በብዙ ይቀንሳል። በክፍል ውስጥ እርስ በርስ በምናስተምርበት ልምምድም የሚደናቀፍ ጓደኛ ሲኖር ሳቁን መምህሩ ቀድሞ ቢያቆመው፣ እኛም ነገ በየመንደራችን ሄደን ሳቁን ማቆም እንማራለን። ሠልጣኝ የሚያስተምረው እንደ ተነገረው ሳይሆን እንደ ተማረው ነውና።

ይህን ሁሉ የምንለው ማርክ ለማስጨመር እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ ከእኛ ያልፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳችን በቦንኬ፣ አንዳችን በካምባ፣ አንዳችን በጨንቻ በአንድ ክፍል ፊት እንቆማለን። ሃምሳም ስልሳም ልጅ ይመለከተናል። ከእነዚያ መካከል በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ መልሱን በሆዱ የያዘ አንድ ልጅ አለ። መምህሩ ሲሳሳት አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ስሕተት ለመምህር የተከለከለ፣ ለእርሱም ሞት ነው ብሎ ያስባል። መምህሩ ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጣመመ ሐይቅ ሥሎ፣ «ልጆች፣ የአባያን ጫፍ አጣመምኩት፤ ማን ያስተካክልልኛል?» ቢል፣ ያ ልጅ ይነሣል። ጠመኔውን ይቀበላል። የሚስለውም ሐይቅ ሳይጣመም አይቀርም። ነገር ግን ተነሥቷል! የመምህርነት ሥራ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ልጁን የሚያስነሣው መምህር ቀድሞ ራሱ የተነሣ መሆን አለበት። ፍርሃቱን ሳያውቀው ያወረሰ መምህር የትምህርት ዕቅዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጆቹ የሚይዙት ፍርሃቱን ነው። ስለዚህ ነገሩ የግል ጠባይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሙያ ጉዳይ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላሉ ግን መጀመሪያ መጣል አለበት። ይህችን ጽሑፍ ቆማችሁ ያነበባችሁ ሁሉ፣ በየደብተራችሁ ውስጥ «ነገ አሳምሬ» ተብሎ የተቀመጠ አንድ ሥራ እንዳለ እንገምታለን። ከዚህ ሰሌዳ ዞር ስትሉ ወደ ምግብ አዳራሽ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት መስመር ጻፉበት። አስቀያሚ ይሁን። ነገ ለማሳመር የሚሆን ነገር ይኑራችሁ።

ከገረሴና ከአካባቢዋ የመጣን ዕጩ መምህራን